የተቆረጠ ሞላ እና ያስተማርኳችሁ ስህተት

ወዳጆቼ፣ በተለይ በአውቶ መካኒክስ ክፍል ፊቴ ተቀምጣችሁ የተማራችሁ ልጆቼ፣ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ግን ዕዳ ናት፤ ዕዳ ደግሞ በሁለት መስመር አይከፈልም።

ከሃያ ዓመት በላይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። "መኪና ወደ አንድ ጎን ከሳበ ቶ-ኢኑን አስተካክል።" ደብተራችሁ ውስጥ ይገኛል። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ፣ ሌላ መልስ በጻፈው ላይም ነጥብ ቀንሻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነው። በግማሽ ሳይሆን ከነሥሩ ስህተት ነው። ያወቅኩት ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በአንዲት ዝቅ በተደረገች አሮጌ መኪና ምክንያት ነው።

ሙያው የሌላችሁ ወዳጆቼ እንዳትሰለቹ ሦስት ቃላት ላስተዋውቃችሁ። ቶ-ኢን ማለት የፊት ጎማዎችን ከላይ ስታዩዋቸው አፍንጫቸው ወደ ውስጥ መጠጋቱ ነው፤ ሲራመድ የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ የሚዞሩበትን ሰው አስቡ። ካምበር ማለት ጎማውን ከፊት ለፊት ስታዩት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ደግሞ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ጋደል ማለቱ ነው። ቶ-ኢን፣ ካምበር፣ ካስተር፤ የዛሬው ታሪክ የእነዚህ የሦስቱ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ።

የእህቴ ልጅ እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያገለገለች ሆንዳ ሲቪክ ገዛ። የ1990ዎቹ ሥሪት ናት። የቀድሞ ባለቤቷ ዝቅ አድርጓታል፤ በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መሀል ሁለት ጣት በግድ ነው የሚገባው። ይዟት ሲመጣ "ጋሼ፣ እንዴት ናት?" አለኝ። "ምነው፣ ጎማዋ ተንፍሶ ነው እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ልጁ የሚሠራው አየር ማረፊያ አካባቢ፣ የዕቃ ጭነት ላይ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። ንጋት ላይ ደክሞት በ405 ፍሪዌይ ይመለሳል። መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። በሰዓት 65 ማይል እየሄደ እጁን ላላ ካደረገ፣ ሦስት ሳይቆጥር ቀኝ መስመር ውስጥ ነው። መሪውን ወደ ግራ ይዞ ሲታገል ስለሚያድር ትከሻውን ያመው ጀመር። አንድ ቀን ንጋት ላይ ውሃ ለመጠጣት አንድ እጁን ሲያነሳ መኪናዋ ከባድ መኪና ወዳለበት መስመር ገባች። ያዳነው የሹፌሩ ጡሩምባ ነው። ይህን የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ለእናቱ እንዳልነግርበት ካስማለኝ በኋላ።

ዊል አላይመንት ቤት ሦስቴ ወስዷታል። ሦስቴም ከፍሏል። ሦስቴም የኮምፒውተር ወረቀት ሰጥተውታል፤ ቶ-ኢኑ በአረንጓዴ፣ ካስተሩ በአረንጓዴ፣ ካምበሩ ብቻ በቀይ። "ዝቅ ያለች መኪና ካምበሯ ሁሌም ቀይ ነው፤ በዚህ ሞዴል ላይ ደግሞ ማስተካከያ ብሎን የለውም" ብለው ሸኙት። እውነት ነው፣ በዚያ ዘመን ሲቪክ የፊት እግር ላይ ከፋብሪካው ሲወጣ የሚስተካከለው ቶ-ኢን ብቻ ነው።

እኔም ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና "ኮምፒውተሩን ተወው፣ አጎትህ አለልህ" አልኩት። ገመድ ዘረጋሁ፣ ሜትር ያዝኩ፣ የመሪ ዘንጉን ፈትቼ ቶ-ኢኑን እንደ ጥንቴ አስተካከልኩ። ሞከርናት። ወደ ቀኝ ሳበች። እንደገና ነካካሁት። ወደ ቀኝ ሳበች። በስተመጨረሻ የተለወጠው መሪው ብቻ ነበር፤ ቀጥ ብለን እየሄድን መሪው ጠመመ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ዳር ተበላ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ልጅ ትዝ ያለኝ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ያችን ዓረፍተ ነገር እንደጻፍኩ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በዘንግ ተያይዘው የለ? ቶ-ኢኑ ቢበዛም ቢያንስም ለሁለቱም እኩል ይካፈላል። ታዲያ መኪናው ግራና ቀኙን በምን ለይቶ ወደ አንዱ ይሄዳል?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም "አንተ መጀመሪያ ብሎን መፍታት ተማር" ብዬ አስቀመጥኩት። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በእኔ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

ልጁ ልክ ነበር። ጎማዎቹ በዘንግ ስለተያያዙ መኪናው ሲንቀሳቀስ ስህተቱን ይካፈሉታል፤ ጎማ ይበላል፣ መሪ ይጠምማል፣ መኪናው ግን ወገን አይለይም። የቶ-ኢን በሽታ መኪና የሚያስስበው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ሲሆን ነው፤ የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ጎን ካዩ ቂጡ ፊቱን ይገፋዋል።

ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ተሳሳትኩ? ከየት አምጥቼው ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ። በጣም ወደ ኋላ።

በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ዘመን የፊት እግሩ አንድ ወፍራም እንጨት ነበር፤ መሀሉ ላይ በአንድ ችንካር ተሰክቶ ሁለቱን ጎማዎች እንደያዘ በሞላው ይዞራል። መዞሩን ይዞራል፣ ግን ቦታ ይፈጃል፣ በጠበበ መታጠፊያ ላይም ሠረገላው ሊገለበጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1817 የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ሁለቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምሰሶ ላይ እንዲዞሩ፣ በዘንግም እንዲያያዙ አደረገ። በዓመቱ ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን ለንደን ላይ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበው። ዛሬ በመላው ዓለም "የአከርማን ጂኦሜትሪ" እየተባለ ይጠራል። የሠራው ሌላ፣ ስሙ የቀረው የወኪሉ። ዓለም እንዲህ ናት።

ቶ-ኢን የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኘው በዚያች ዘንግ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሠረገላው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፈረሶቹ ከፊት ስለሚጎትቱት ነው። ጎማው ራሱን ቀጥ ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ፈረስ አለለት።

ሞተር ሲመጣ ፈረሱ ሄደ። ከፊት የሚጎትት ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የሰው ክንድ መታገል ነበረበት። ችግሩን ከፈቱት ሰዎች አንዱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ለፓናር ኤ ሌቫሶር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ አርተር ክሬብስ ነው። ምሰሶውን ጋደል አደረገው። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ምሰሶው ከሚያመለክትበት ነጥብ ወደ ኋላ ቀረ። የሱፐርማርኬት ጋሪ ስትገፉ ትንንሾቹ ጎማዎች ራሳቸው ዞረው ከኋላ የሚከተሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ካስተር ይህ ነው። መሪውን አዙራችሁ ስትለቁት ተመልሶ ቀጥ የሚለው በዋናነት በካስተር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ካስተር የሄደውን ፈረስ የተካ ማዕዘን ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። የአማርኛ ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ ኮፈን። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው መንገድ ሲያወጣና ካሚዮን ሲነዳ ቃሉም አብሮ ቀረ፤ ከነፃነት በኋላም የፊያት ካሚዮኖች ተከትለው መጡ። ከእነሱ ሁሉ የገነነው ኤንትሬ ነው። እኔ ሙያውን የተማርኩት ኤንትሬ ሥር ተኝቼ ነው። ያስተማረኝ ሰው ደግሞ ከጣሊያን መካኒክ እጅ የተማረ ነበር፤ እኔን ሲገሥጸኝ እንኳ ግማሹ ጣሊያንኛ ነበር።

የኤንትሬ የፊት እግር አንድ ወጥ፣ የተቀጠቀጠ ወፍራም ብረት ነው። በሁለት ባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ካምበሩ ብረቱ ሲቀጠቀጥ አብሮ የተወለደ ነው። ካስተሩም ባሌስትራው ካልተሰበረ ወይም ካልተንሸራተተ ንቅንቅ አይልም። ሰው በቁልፍ ፈትቶ የሚለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያችው የላንከንስፐርገር ዘንግ። ቶ-ኢን። ስለዚህ ለእኛ "አላይመንት" ማለት ቶ-ኢን ማለት ሆነ። የምንፈታው እሱን ብቻ ስለሆነ የሚበላሸውም እሱ ብቻ መሰለን።

"ግን ጋሼ፣ ይሠራ አልነበረም ወይ?" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የሚስብ ካሚዮን መጥቶ ድኖ ይሄድ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቶ-ኢን ስናስተካክል ባሌስትራውንም እናጠብቅ ነበር፣ ጎማም እናዘዋውር ነበር፣ የሚይዘውንም ፍሬን እናላላ ነበር። መኪናው ሲድን ምስጋናውን ለቶ-ኢን ሰጠነው። ፀበሉንም ኪኒኑንም አንድ ላይ ወስዶ ሲድን ለአንዱ ብቻ እንደሚመሰክር ሰው።

ዓለም በዚህ መሀል ተለውጦ ነበር። አሜሪካዊው ኧርል ማክፈርሰን በ1947 ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ እያለ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን አንድ ምሰሶ ላይ ያደረገ አሠራር ለመብት አመለከተ። በኋላ ወደ ፎርድ ሄደና ከ1950 ጀምሮ በእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ዋለ። ቶዮታ በ1966 የመጀመሪያዋን ኮሮላ ሲያወጣ የፊት እግሯን በዚሁ በማክፈርሰን ምሰሶ ሠራት። የአዲስ አበባ ሰው የሚወዳት ዲኤክስም የእሷው ዘር ናት። ሆንዳ ደግሞ በ1990ዎቹ ሲቪክ ላይ እያንዳንዱን ጎማ ከላይና ከታች በሁለት ክንድ ያዘው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ወጡ ብረት ቀርቷል። ግራና ቀኝ ጎማ ለየብቻ ናቸው። ካምበርና ካስተር አሁን የሚኖሩት በቀጫጭን ክንዶች፣ በጎማ ቡሾች እና ሰው በማይጠረጥረው አንድ ነገር ላይ ነው፤ በከፍታ። ክንዶቹ ሲወርዱና ሲወጡ ጎማው ማዘንበሉን ይለውጣል። ስለዚህ የመኪናው ከፍታ ራሱ የአላይመንቱ አካል ሆኗል። ሞላ የቆረጠ ሰው ያወቀም ያላወቀም ካምበሩን ነክቷል።

ሞላ መቁረጥ የማን ሐሳብ ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ እኔ አሁን የምኖርባት ከተማ ናት ከዋናዎቹ መነሻዎች አንዷ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች አሮጌ ሸቭሮሌዎችን እየገዙ ዝቅ ያደርጉ ጀመር። አንዳንዱ ኋላ ኮፈን ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭናል፣ አንዳንዱ ሞላ ይቆርጣል። ሌላው አሜሪካዊ ወጣት መኪናውን ለፍጥነት ሲያዘጋጅ እነሱ ተቃራኒውን መረጡ። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። በዊቲየር ጎዳና ላይ በዝግታ እየነዱ መታየት፣ "እኛም አለን" ማለት።

መንግሥት አልወደደውም። ካሊፎርኒያ ከ1958 ጀምሮ አካሉ ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የወረደ መኪና እንዳይነዳ በሕግ ከለከለች። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት መልስ አገኘ፤ ከአውሮፕላን ትርፍ ዕቃ የተገኘ የሃይድሮሊክ ፓምፕና ቫልቭ ኮርቬቱ ላይ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ብድግ ይላል፣ ፖሊስ ሲሄድ ቁጭ ይላል። ሕጉ ራሱ ከስልሳ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሻረ።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን እስክሰማ ድረስ ዝቅ ያለ መኪና ለእኔ የባለጌ መኪና ነበር። አሁን አከብራቸዋለሁ። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። እነዚያ ሰዎች በዝግታ ነበር የሚነዱት፤ የአንድ ዲግሪ ስህተት በዝግታ ሲነዱ ብዙም አይታወቅም። አጊሬ ደግሞ መኪናውን ወደ ቦታው የሚመልስበት ቁልፍ ነበረው። የዛሬ ልጆች ግን ዝቅታውን ወስደው ዝግታውን ተዉት። ሞላውን በመጋዝ ቆርጠው 65 ማይል ይበራሉ። ብድግ የሚያደርግ ቁልፍ የለም።

ወደ ሲቪኳ ልመለስ። ቶ-ኢኑን ትቼ እንደ አዲስ ተማሪ ከዜሮ ጀመርኩ። ቅደም ተከተሉን ጻፉልኝ።

መጀመሪያ መንገዱን ጠረጠርኩ። አስፋልት ውሃ እንዲፈስበት ወደ ዳር ጋደል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ቀኙን ይዞ የሚነዳ አገር ላይ ጤነኛ መኪናም ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል። (እኛ ራሳችን እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ግራችንን ይዘን ነበር የምንነዳው፤ የዚያ ዘመን ሹፌር ክርክሩ በግራ በኩል ነበር ማለት ነው።) እሑድ ጠዋት ሜዳ የሆነ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሄድንና ወደ አንድ አቅጣጫ ነድተን፣ ዞረን በዚያው ላይ ተመለስን። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ቀኝ ሳበች። መንገዱ ነፃ ወጣ።

ሁለተኛ፣ ጎማ። ነፋሱን እኩል አደረግሁ። ከዚያ የፊት ግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ለወጥኩ። መሳቡ ጎን ቢቀይር ኖሮ ጥፋቱ የጎማው ነበር። አልቀየረም። ጎማውም ነፃ ወጣ።

ሦስተኛ፣ ፍሬን። ነድተን ስናቆም ቸርኬዎቹን በመዳፌ ቀረብ ብዬ ዳሰስኩ። የቀኙ ቢግል ኖሮ የሚይዝ ፍሬን አለ ማለት ነው። እኩል ነበሩ።

አራተኛ፣ ከፍታ። ከቸርኬው መሀል ተነስቼ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። ቀኙ 32.5 ሳንቲሜትር፣ ግራው 31.2። አሥራ ሦስት ሚሊሜትር! ጎማ አውልቀን ባትሪ ስናበራ፣ የሞላዎቹ ጫፍ ላይ የመጋዝ ጥርስ አለ። የግራው ከቀኙ የበለጠ ተቆርጧል። በዓይን ግምት መሆኑ ነው።

አምስተኛ፣ ያችን ኪሴ የከተትኳትን ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ ቀለሟን እንጂ ቁጥሯን አላነበብናትም። ካምበር፦ ግራ ወደ ውስጥ 1.9 ዲግሪ፣ ቀኝ 1.4። ካስተር፦ ግራ 2.0፣ ቀኝ 0.9።

ቁጭ አልኩ።

የቡና ሲኒ ጠረጴዛ ላይ በጎኗ አስተኙና ግፏት። ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ወደ ጠባቡ ወገኗ ትዞራለች። ያዘነበለ ጎማም እንደ ሲኒዋ ነው። ወደ ውስጥ ያዘነበለ የግራ ጎማ መኪናውን ወደ ቀኝ ይገፋል፣ የቀኙ ወደ ግራ ይገፋል። እኩል ከሆኑ ይጣፋሉ። የእኛ ግራው በለጠ፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ቀኝ። ካስተሩ ደግሞ ባነሰበት ወገን ይስባል፤ ያነሰው ቀኙ ነው። ሁለት በሽታ ወደ አንድ ጎን!

ካስተሩ ለምን በአረንጓዴ ታተመ? ፋብሪካው የሚፈቅደው ክልል ሰፊ ስለሆነ 2.0ም 0.9ም ለየብቻቸው ውስጡ ይገባሉ። ማሽኑ እያንዳንዱን ጎን ለብቻው ጠይቆ "ደህና ነህ?" ብሏል። ሁለቱን አጋጥሞ የጠየቀ የለም። መኪናን ቀጥ የሚያደርገው የግራና የቀኝ መስማማት ነው።

ስድስተኛ፣ የካስተሩን ምክንያት ፍለጋ። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በሁለቱም ጎን ለካን። ቀኙ በ9 ሚሊሜትር አጥሯል። የቀኙን የታችኛውን ክንድ ከግራው ጋር ሳስተያየው ወደ ኋላ ጎበጥ ብሏል። የቀድሞው ባለቤት የመንገድ ጠርዝ መትቷል ማለት ነው። ዝቅ ያለ መኪና፣ ስስ ጎማ፣ ድንጋይ ጠርዝ። ክንዱ ሲጎብጥ የምሰሶውን እግር ወደ ኋላ ወሰደው፤ ካስተሩም በአንድ ዲግሪ ያህል ወደቀ።

መፍትሔው ላይ ከልጁ ጋር ተጣላን። እኔ "የፋብሪካውን ሞላ መልስና እንደ ሰው ከፍ በል" አልኩ። እሱ ደግሞ "ጋሼ፣ ከፍ ካለች የእኔ መኪና አይደለችም" አለ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ግን ገባኝ። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ በገዛ ምርጫው ያገኛት ነገር እሷ ብቻ ናት። ሥራውን አልመረጠም፣ ፈረቃውን አልመረጠም፣ ከእኔ ጋር መኖሩንም አልመረጠም። ያቺን ዝቅታ ግን መርጧታል።

ስለዚህ ታረቅን። ከአሮጌ ዕቃ ሜዳ ያልጎበጠ የታች ክንድ ፈታን። የተቆረጡትን ሞላዎች ጥለን፣ ለዝቅታ ታስበው በፋብሪካ የተሠሩ፣ ሁለቱም እኩል የሆኑ ሞላዎች ገጠምን። ከፋብሪካዋ ከፍታ ታንሳለች፣ ከተቆረጠው ግን ትበልጣለች። አሁን በፓራፋንጎው መሀል ሦስት ጣት ይገባል። እሱ ሁለት ጣት ፈልጎ፣ እኔ አምስት ፈልጌ፣ ሦስት ላይ ተገናኘን። ከዚያ፣ በመጨረሻ፣ ቶ-ኢን። አዲሱ ወረቀት ላይ ካምበሩ 1.2 እና 1.1፣ ካስተሩ 2.0 እና 1.9 ሆነ።

ፍሬዋን ለማየት አብሬው በ405 ሄድኩ። 65 ማይል ላይ ሲደርስ "ጋሼ፣ እይ" ብሎ መዳፉን ከመሪው ትንሽ ከፈት አደረገ። "እጅህን መልስ!" ብዬ ጮህኩበት። ግን አይቻለሁ። ቀጥ ብላ ሄደች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ደብተራችሁን ክፈቱና ያችን ዓረፍተ ነገር ሰርዙልኝ። በምትኩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። መኪና ከሳበ በቅደም ተከተል፦ መንገድ፣ ነፋስና ጎማ፣ ፍሬን፣ ከፍታ፣ የጎበጠና የላላ ዕቃ፣ የግራና የቀኝ ካምበርና ካስተር ልዩነት፣ የኋላ ጎማ አቅጣጫ። የፊት ቶ-ኢን መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ እሱም ጎማ እንዳይበላና መሪ እንዳይጠምም እንጂ መሳብን እንዲያድን አይደለም።

አዲስ አበባና አዳማ ጋራዥ የከፈታችሁ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ዲኤክሱን ይዞ "ሞላ ቁረጥልኝ" የሚል ወጣት ሲመጣባችሁ እንደ እኔ አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። ግን በዓይን ግምት አትቁረጡለት። የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ግራና ቀኙ በአንድ ጣት ከተለያየ ደግሞ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲታገል ይኖራል። ዝቅታ ከፈለገ እኩል ዝቅታ ስጡት። ከዚያ ለኩ። ቀለም ሳይሆን ቁጥር አንብቡ።

እና አንተ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበርከው። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ መኪናውን ያየኸው አንተ ብቻ ነበርክ። እኔ ያየሁት የለመደ እጄን ነው። ያን ቀን የቀነስኩብህን ነጥብ ዛሬ፣ በሁሉም ፊት፣ መልሼልሃለሁ። ይቅርታ። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ካለህ እጅህን አውጣ፤ በዚህ ጊዜ እሰማሃለሁ።